በካውያ የሚሠራ ላብራቶሪ፦ የጨው አዮዲን መመርመሪያ ወረቀት

ማይክሮፍሉይዲክስ (ጥቂት ጠብታ ፈሳሽን በቀጫጭን ቦዮች የመምራት ሙያ) ሲባል ብዙ ሰው ውድ ማሽንና ነጭ ቱታ ነው የሚታየው። እኔ ግን ተማሪዎቼን የማስጀምረው በካውያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ ወረቀት ላይ ቀጫጭን ቦዮች ሠርተው ግሉኮስንና ፕሮቲንን በቀለም መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ፓምፕ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ራሱ ፈሳሹን ይስባል።

እኛ የጨው አዮዲን እንመርምር። ፊልተር ፔፐር (ዋትማን ቁጥር 1 የሚባለው የላብራቶሪ ወረቀት ቢገኝ አሪፍ ነው)፣ ከሰም የተሠራ ክሬዮን፣ ስኮች፣ የበቆሎ ስታርች፣ ነጭ አቼቶና ፖታሺየም አዮዳይድ አዘጋጁ። ከኬሚካል መሸጫ ወይም ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚጠየቀው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ወረቀቱ መሀል ላይ በእርሳስ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ሣሉ። ከግራና ከቀኙ 2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቦይ አውጡና ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ክብ ጨምሩ። የቦዩ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። የክሬዮኑ ሰም በካውያው ሲቀልጥ ወደ ጎንም ስለሚሄድ ቦዩ ይጠባል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ከጀመራችሁ ይደፈናል። ማስረዘምም አያዋጣም፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ከመስመሩ ውጭ ያለውን በሙሉ፣ በፊትም በጀርባም፣ በክሬዮን ጥግብ አድርጋችሁ ቀቡ። በኬክ መጋገሪያ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ተጫኑት። እንፋሎት አይኑረው። ወደ ብርሃን ስታነሡት ሰም የጠጣው ቦታ ቅቤ እንደነካው ወረቀት ማሳለፍ አለበት። ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካያችሁ እዚያ ያፈስሳል፤ ድገሙት። ሲያልቅ ጀርባውን በስኮች ሸፍኑ።

1 ግራም ስታርች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። ግማሹን ለይታችሁ 1 ግራም ፖታሺየም አዮዳይድ ጨምሩበት። ይህን በአንዱ ጫፍ ክብ፣ ባዶውን ስታርች በሌላው ጠብ አድርጉና ጥላ ውስጥ አድርቁ። ባዶው ማመሳከሪያ ነው፤ እሱም ከጠቆረ የሆነ ነገር ተበክሏል፣ ውጤቱን አትመኑ።

አሁን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥቂት ውሃ አሟሙና አቼቶ ጨምሩ። አደራ፣ በአቼቶ ፋንታ ሎሚ እንዳትጨምቁ! ሁለቱም አሲድ ናቸው፣ ግን የሎሚው ቫይታሚን ሲ የሚፈጠረውን አዮዲን ይበላዋል፤ ጨዉ አዮዲን እያለው የሌለው ይመስላል። መሀሉ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉ። ጨዉ ውስጥ ያለው አዮዴት (ኦክስጅን ያለበት የአዮዲን ውህድ) በአሲድ ታግዞ ከአዮዳይዱ ጋር አዮዲን ይፈጥራል፣ ስታርቹም ሰማያዊ ይሆናል። ፈሳሹ ኬሚካሉን እየገፋ ስለሚሄድ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የክቡ ዳር ላይ ይጠራቀማል፤ መሀሉን ብቻ እያያችሁ «የለም» አትበሉ።

ይህ አለ ወይም የለም ይላችኋል እንጂ መጠኑን በትክክል አይነግራችሁም። መጠን የሚፈልግ ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ መፍትሔ በጠብታ እየጨመሩ መለካት) ይሥራ። የተረፉትን ወረቀቶች ከብርሃንና ከበረኪና አርቁ፤ የበረኪና ትነት ብቻውን ሰማያዊ ያደርጋቸዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እዚያ የሚሸጠው ጨው ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአዮዴት ሳይሆን በአዮዳይድ ነው፤ ይህ ወረቀት ደግሞ የሚለየው አዮዴትን ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቢቀር ባለሱቁን አትጣሉት።