ቀጥ ያለውን " ወደ « » በአንዴ መቀየር

የምተረጉማቸው ጽሑፎች ሁሉ ቀጥ ባለው የጥቅስ ምልክት " ተሞልተው ነው የሚደርሱኝ። ድሮ አንድ በአንድ እለቅም ነበር፤ አሁን ሊብሬኦፊስ ራይተር ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ትቼለታለሁ።

መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ። ኮንትሮልንና ኤችን አብራችሁ ተጫኑ፤ ከተጨማሪ አማራጮች ውስጥ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽንስ» (በቃል ፈንታ በምልክት ቀመር መፈለጊያ) የሚለውን ምረጡ። በመፈለጊያው ሳጥን "([^"]*)" ብላችሁ፣ በመተኪያው «$1» ጻፉ። በቅንፍ የታሰረው በጥቅሱ ውስጥ ያለው ቃል ነው፤ $1 ሳይነካ ይመልሰዋል። ጽሑፉ በተጠማዘዘው ምልክት ከተጻፈ “([^”]*)” ይሁን።

ሁሉንም ተካ የሚለውን ለመጫን ግን አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ 14" የሚል የስክሪን መጠን መካከል ገብቶ የአንቀጹን ጥቅሶች በሙሉ አገለባበጠብኝ፤ መዝጊያው መክፈቻ ሆነ። ስለዚህ አስቀድሜ [0-9]" ብዬ እፈልግና ኢንች የሆነውን በፊደል እጽፋለሁ። "በ1966" ዓይነቱ ግን እውነተኛ መዝጊያ ስለሆነ አይነካም። ፍለጋው ከአንቀጽ አያልፍምና በሁለት አንቀጽ የተዘረጋ ጥቅስ በእጅ ይታረማል።

ለወደፊቱ «ቱልስ»፣ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሎካላይዝድ ኦፕሽንስ» ገብታችሁ መክፈቻውን « መዝጊያውን » አድርጉ። ጀርመንኛ „ “ ይወዳል፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከ« በኋላና ከ» በፊት ክፍተት ይፈልጋል፤ በአማርኛ ያ ክፍተት ያስቀይመኛል።