«ጨጓራዬ ነው» ብሎ መተኛትና ሌሎች የልብ ሕመም ስህተቶች

ሃርት አታክ የሚከሰተው ልብን ራሷን የሚመግብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ነው። በሥሩ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ይሰነጠቃል፣ በላዩም ደም ይረጋል። ደም ያጣው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። አንዴ የሞተ ጡንቻ ደግሞ አይመለስም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚጎዱን ሰዓት ስለሚበሉብን ነው።

ሁሉንም ለጨጓራ መስጠት

እኛ ዘንድ ደረት አካባቢ ለሚሰማ ነገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨጓራ ነው። ጨጓራ አሞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ስለሚቸግር አይፈረድብንም። ግን ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እናት ከአልጋቸው ተነስተው ይቀመጣሉ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሲባሉ «ምንም አይደል ልጄ፣ ይቺ ጨጓራዬ ናት፤ ማታ የበላሁት ሽሮ ነው» ይላሉ። ወተት ይሞቃል። ኦሜፕራዞል ይፈለጋል። የለበሱት ነጠላ ግን በላብ ርሷል፣ ግንባራቸው ቀዝቅዟል፣ ደጋግሞም ወደ ላይ ይላቸዋል። ላቡን ማንም ልብ አላለውም።

እኔን ከምልክቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ያ ቀዝቃዛ ላብ ነው። ተራ የጨጓራ ሕመም ሰውን በላብ አያጠምቅም። የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ ከመውጋት ይልቅ መጫን ይመስላል። ታማሚዎች «ድንጋይ የተጫነኝ ያህል»፣ «ጨምድዶ ያዘኝ» ይላሉ። ወደ ክንድ፣ በተለይ ወደ ግራው፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ወይም ከእምብርት በላይ ይሄዳል። ትንፋሽ ያጥራል። ከጥቂት ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ ወይም ሄድ መለስ ይላል። ጨጓራ ይሁን ልብ፣ ያለ ምርመራ መለየት ለሐኪምም ይከብደዋል። ተመርምረው ጨጓራ ሆኖ ከተገኘ እሰየው ነው።

«ካላመመ ልብ አይደለም» ማለት

ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ታማሚዎች ደረታቸውን እምብዛም ሳያማቸው ሃርት አታክ ሊይዛቸው ይችላል። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ሕመሙ ይደበዝዛል። ያለ ምክንያት የመጣ ከባድ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል። ወጣትነትም ዋስትና አይደለም። ሲጋራ፣ ጫት፣ ያልታከመ ደም ግፊት ወይም በቤተሰብ በወጣትነቱ ልቡን የታመመ ሰው ካለ ዕድሜ አያድንም።

እስኪነጋ መጠበቅ

«በዚህ ሌሊት ሰው አላስቸግርም» የሚለው ይሉኝታ ብዙ ሰው ያስከፍላል። ጥሩው ሕክምና ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል አስገብቶ የተዘጋውን ሥር መክፈትና ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ማስቀመጥ ነው። ይህ ሃርት አታክ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። በማይገኝበት ቦታ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። እሱም የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው።

ሀገር ቤት አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ የሆናችሁ እህቶች፣ ማዳም ትቆጣለች ብላችሁ ደረታችሁን ይዛችሁ ሥራ አትቀጥሉ። ራሳችሁ ደውሉ። አምቡላንስ የሚዘገይበት ከሆነ ሌላ ሰው ያድርሳችሁ። ታማሚው መሪ አይጨብጥ፤ መንገድ ላይ ራሱን ሊስት ይችላል። ከቤታችሁ ቅርብ ሆኖ ሌሊትም ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) የሚያነሳው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ኢሲጂ የሌለው ክሊኒክ ወረፋ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው።

ያገኙትን ክኒን መዋጥ

የጎረቤት የግፊት ክኒን፣ ዲክሎ፣ ዳማከሴ፤ አንዳቸውም እዚህ አይገቡም። ዲክሎና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች ልብን ይጎዳሉ። የሚጠቅመው አስፕሪን ነው፤ 300 ሚሊግራም ገደማ፣ ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ፣ በውኃ ከመዋጥ ይልቅ ማኘክ። አስፕሪን የማይስማማው፣ የሚደማ ቁስለት ያለበት ወይም ሐኪም የከለከለው ሰው ግን አይውሰድ። ቪያግራ የወሰደ ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ይናገር። ከምላስ ሥር ከሚቀመጠው የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ግፊቱን አደገኛ በሆነ መጠን ይጥለዋል።

ለወደቀ ሰው ክብሪት ማሽተት

በቴሌግራም የሚዞረው «ብቻህን ከሆንክ በኃይል ሳል» የሚለው ምክር አያድንም። ተዝለፍልፎ የወደቀ ሰው ካልሰማና በደንብ ካልተነፈሰ ውኃ መርጨትም ክብሪት ማሽተትም ትርፉ መዘግየት ነው። አንዱ ይደውል። ሌላው ደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጁን ደራርቦ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ሲደክመው ሌላ ሰው ይተካው። የጎድን አጥንት እሰብራለሁ ብላችሁ አትፍሩ።

በአንድ ኢሲጂ ተረጋግቶ መሄድ

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሊመስል ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ከሰዓታት በኋላ ሊደገም ይገባል። ሕመሙ ካልተወዎት ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት «ይደገምልኝ» ይበሉ።

ሲሻል መድኃኒት ማቋረጥ

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰው ከሞት ተርፎ ክኒን በማቆሙ ይመለሳልና። ስቴንት የገባለት ሰው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የሚባለውን ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ብዙ ጊዜ አብሮ እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። በራሱ ካቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶ እንደገና ሊዘጋ ይችላል። ጥርስ ሊነቀል ቢሄድ እንኳ የልብ ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም። ጠበል የሚጠመቅም ክኒኑን አይተው። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ሰዓቱን ማስተካከል የሚቻል መሆኑን ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀላሉ።