ኔማቶድ ገዝታችሁ የሳሩ ትል ካልሞተ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ኦገስት ሲያልቅ ሳሩ እዚህም እዚያም ይገረጣል። ውሃ ብታጠጡትም አያገግምም። ሳብ ስታደርጉት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል፤ ሥሩ ተበልቶ አልቋል። ከስር ነጭ፣ ራሱ ቡናማ፣ እጥፍ ብሎ የተኛ ትል አለ። አብዛኛውን ጊዜ የጃፓን ጢንዚዛ እጭ ነው። ይህ ጢንዚዛ በአሜሪካ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው።

ልጆች የሚንከባለሉበት ሳር ላይ መርዝ መርጨት አልወድም። ስለዚህ ኔማቶድ እጠቀማለሁ። በዓይን የማይታይ ትል ነው። እጩ ውስጥ ይገባና የያዘውን ባክቴሪያ ይለቃል፤ እጩ በ2 ቀን ገደማ ይሞታል። ሰውን፣ ውሻን፣ የምድር ትልን አይነካም። ግን ነፍስ ያለው ነገር ነው። እንደ መድኃኒት ዱቄት ስናየው ነው የምንሳሳተው።

መጀመሪያ፣ ሳትቆጥሩ አትግዙ። ሳሩን ያደረቀው የውሃ ጥም ወይም ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አንድ ጫማ (ፊት) በአንድ ጫማ የሆነ ሳር በአካፋ ቁረጡ፣ 3 ኢንች ያህል ጥልቀት ገልብጡና እጮቹን ቁጠሩ። 5 ካልሞሉ ጤነኛ ሳር ይችላቸዋል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዝም አይባልም።

የኔማቶዱንም ዓይነት እዩ። ለዚህ ትል የሚሆነው ሄትሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ ነው፤ አፈር ውስጥ ወርዶ እጩን ፈልጎ ያጠቃል። ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ የሚባለው ግን ከላይ አድፍጦ ነው የሚጠብቀው። እጩ ከታች፣ እሱ ከላይ፤ አይገናኙም።

ብዙ ሰው በፀደይ ይረጫል። ያኔ እጩ ወፍሯል፣ መብላትም ሊያቆም ነው። ጥሩው ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። እጩ ገና ትንሽ ነው፣ አፈሩም ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሞቋል።

የእኔ ስህተት ሌላ ነበር። እሽጉ በኦገስት ሙቀት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ማታ በጠበጥኩት፣ ረጨሁት፣ አንድም እጭ አልሞተም። ያጠፋሁት ገንዘብ ሳይሆን ያለፈኝ ወቅት ነው ያናደደኝ። አሁን የሚደርስበትን ቀን ጠብቄ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ። ፍሪዘር ግን በፍጹም፤ ይገድለዋል። ከመርጨቴ በፊት ጠብታ ውሃ ላይ አድርጌ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ሕይወት ያለው ይጠማዘዛል። የሞተው እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ ሳር ላይ መርጨት ነው። ኔማቶድ ፀሐይ አይችልም። የሚንቀሳቀሰውም በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ባለችው ስስ ውሃ ውስጥ ነው፤ አፈሩ ከደረቀ የትም አይሄድም። ቀድማችሁ አጠጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ እርጩ። ከዚያ ቅጠሉ ሳይደርቅ እንደገና አጠጡ፣ ግማሽ ኢንች እስኪሆን ድረስ። ለሚቀጥሉት 2 ሳምንታት አፈሩ እርጥበት አይለየው። ሲዘንብ መርጨትም ግሩም ነው፤ ጎረቤት ቢገርመውም ጃኬት ደርባችሁ ውጡ።

መርጫው ላይ ያለውን ደቃቅ ማጣሪያ አውጡት፣ ኔማቶዱን ይይዘዋል። ታች ስለሚዘቅጥ እየነቀነቃችሁ እርጩ። ለ1,000 ስኩዌር ፊት 25 ሚሊዮን ያህል ያስፈልጋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ እሽጉ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው።

በማግስቱ ሳሩ ካልለመለመ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከሳምንት በኋላ ቆፈር አድርጉ። እጩ ነጭነቱ ጠፍቶ የሸክላ ቀለም ከያዘ፣ ኔማቶዱ ገብቶበታል። ያኔ ባዶው ቦታ ላይ የሳር ዘር በትኑበት፤ ሴፕቴምበር ለዘሩም ይስማማል።