የሕንፃ ክላዲንግ ሲመርጡ ከጀርባው ይጀምሩ

ሥራዬ ክላዲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ውጭ ግድግዳ የሚለበስበትን ፓነል ወይም ድንጋይ፣ መግጠምና የተገጠመውን መፈተሽ ነው። ናሙና ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ተቀብዬ ገልብጬ ጀርባውንና ጠርዙን አያለሁ። ያለጊዜው ሲያረጅ ያየሁት ክላዲንግ አብዛኛው ጉዳቱ የተነሣው ከኋላ ነው፦ ከማሰሪያው፣ ከፓነሉ እምብርት (ከመካከለኛው ንብርብር) ወይም መውጫ አጥቶ ከቀረ ውሃ።

በአንድ ምርት ስም አሉኮቦንድ እያልን የምንጠራውን የፓነል ዓይነት እንውሰድ። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሉሚኒየሙ ግን ከፊትና ከኋላ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ብቻ ነው። መካከሉ ተራ ፖሊኤትሊን ከሆነ ፕላስቲክ ነውና ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ 72 ሰዎች በሞቱበት የግሬንፌል ታወር ቃጠሎ እሳቱ በግድግዳው ላይ በፍጥነት ሽቅብ የወጣበት ዋና ምክንያት እንዲህ ያለ እምብርት ነበር። ስለዚህ «እሳት ይቋቋማል» የሚለው የሻጭ ቃል አይበቃም። በአውሮፓው የእሳት መስፈርት ኢኤን 13501-1 መሠረት ኤ1 ወይም ኤ2 (የማይነድ ወይም እምብዛም የማይነድ) ደረጃ ያገኘበትን የፍተሻ ወረቀት ያስመጡ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ስም ከመጣልዎት ዕቃ ጋር አንድ መሆኑንም ያመሳክሩ። ቀለሙ ፒቪዲኤፍ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ፖሊስተር ከሚባለው ይልቅ ፀሐይን ይችላል፤ ጥላ ለሚያርፍበት ግድግዳ ግን ብዙም አልጨነቅም።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር ፓነል ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ በ3 ሚሊ ተኩል ገደማ ይለያያል። ገጣሚው ሁሉንም ብሎን አጥብቆ ካሰረው መሄጃ አጥቶ ይቆለመማል። አንደኛው ነጥብ ይጠብቅ፣ የሌሎቹ ቀዳዳ ሞላላ ይሁን።

ድንጋይ የመረጠ ሰውም ቢሆን ከነጭራሹ ሐሳብ የለበትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀው፣ ዛሬ ኤኦን ሴንተር የሚባለው ረጅም ሕንፃ በቀጭን የካራራ እብነ በረድ ተለብጦ ነበር። ሰሌዳዎቹ እየጎበጡና እየተሰነጠቁ አስቸገሩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተነቅለው በግራናይት ተተኩ። እኔም ለውጭ ግድግዳ ግራናይት አስቀድማለሁ። ናሙናው ያልተወለወለ ጀርባ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ ወዲያው ከመጠጠው ይጠርጥሩት። ጠርዙ ላይ ኮምጣጤ ሲያፈሱ አረፋ ካወጣ ደግሞ ኖራ ነክ ድንጋይ ነው፣ አሲድ ያለበት ዝናብ ይበላዋል። እነዚህ የላቦራቶሪን ፍተሻ አይተኩም፤ ጊዜ የማያባክኑበትን ናሙና ግን ይለዩልዎታል። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ድንጋይ በሞርታር ወይም በማጣበቂያ ብቻ መለጠፍ በጭራሽ አይዋጥልኝም። በብረት ማሰሪያ ይያዝ። መገጣጠሚያውን የሚሞላው ሲሊኮንም ለድንጋይ የተሠራ ይሁን፤ ሌላው ዘይቱ እየሰረገ ጠርዙን ያጠቁረዋል።

ማሰሪያ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ስቴንለስ ይሁን፣ ባሕር አጠገብ ከሆነ 316 የሚባለው። ተራ ብረትና አሉሚኒየም ርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላልና በመካከላቸው የፕላስቲክ መለያ ያስገቡ።

ከክላዲንጉ ኋላ ቢያንስ 25 ሚሊ የአየር ክፍተት እተዋለሁ፤ ከታችም ከላይም ተከፍቶ ውሃው እንዲወርድ፣ ርጥበቱ እንዲደርቅ። ይኸው ክፍተት በቃጠሎ ጊዜ እንደ ጭስ ማውጫ ይስባልና በሙቀት አብጦ ክፍተቱን የሚዘጋ የእሳት መከላከያ በየፎቁ ይግባበት፤ ኢንሱሌሽኑም (የሙቀት መከላከያው) ከፎም ይልቅ የድንጋይ ሱፍ ይሁን።

ፋይበር ሲሚንት (በቃጫ የተጠናከረ የሲሚንቶ ሰሌዳ) እና የሸክላ ፓነል እወዳለሁ፤ የፋይበር ሲሚንቱ የተቆረጠ ጠርዝ ግን አምራቹ ባለው መሠረት ይታሸግ። እንጨት በየጊዜው ለሚንከባከብ ሰው ብቻ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ትንሽ የናሙና ግድግዳ ያሠሩ። ከዚያም ገጣሚው ጎረቤቶቹን ሳይነካ የመካከሉን አንድ ፓነል ፈትቶ መልሶ ሲገጥም ቆመው ይዩ። ካልቻለ አገጣጠሙን ያስቀይሩ፤ ከቻለ ደግሞ ከዚያው የምርት ዙር ጥቂት ትርፍ ፓነሎች አብረው ይዘዙ፣ በኋላ የሚመጣው ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።