ሽፍታው ከምን መጣ? እንቁላሉን ከመክሰሳችሁ በፊት

ልጁ ሆዱና ጭኑ ላይ ቀላ ብሎ ያበጠ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ሲወጣበት ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አያት «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» ይላሉ፣ ጎረቤት «እንቁላል አብልተሽው ነው» ትላለች። ቆዩማ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ዝልፍልፍ ካለ ምክንያት ፍለጋው ይቅር፤ ባጃጅ ያዙና ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

እንዲህ ካልሆነ እስክርቢቶ አንሱ። አንዱን ሽፍታ ዙሪያውን አክብቡት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ይህ ዓይነቱ ሽፍታ ቦታ ይቀያይራል፤ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋና ሌላው ሌላ ቦታ ይወጣል። በማግስቱም እዚያው ክቡ ውስጥ ካለ ቁንጫ ወይም ትኋን ሊሆን ይችላል፣ ፍራሹን አገላብጡ። ሌሊት የሚብስበት ከሆነና እናንተንም ካሳከካችሁ እከክን ጠርጥሩ።

ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ወደ ኋላ አስቡ። ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ነበር? ትኩሳትስ? ትንንሽ ልጆች ላይ ይህን በብዛት የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ጉንፋኑ ከለቀቀው በኋላም ብቅ ጥልቅ እያለ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል፣ በተለይ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ። ግን የተሰጠው ለዚያው ትኩሳት ስለሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይምታታል። የሚቀጥለውን መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ «አይስማማውም» ብላችሁም ራሳችሁ አትፍረዱ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ምግብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ ይታያል። የትናንት ምሳ ለዛሬ ጠዋት ሽፍታ አይጠየቅም። እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ፣ የጎርጎራ ዓሣ፣ እነዚህ ይጠረጠራሉ። ከሽፍታው በኋላ ያንኑ እንቁላል በልቶ ምንም ካልሆነ ግን እንቁላሉን ተዉት። ሁሉን ከልክለው ልጁን በሽሮ ብቻ የሚያሳድጉ አሉ፣ ሽሮው ራሱ ሊጠረጠር የሚችል ሽምብራ መሆኑን ረስተው! በልቶ ወዲያው ከወጣበት ግን «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ ቤት ውስጥ ደግማችሁ አትስጡት፣ እሱ የሐኪም ሥራ ነው።

እስከዚያው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉለት፣ ሙቅ ውሃ ያባብሰዋል። ማሳከኩን የሚያስታግሰውን ሴትሪዚን የተባለ መድኃኒት በዕድሜውና በክብደቱ ሐኪም ይዘዝለት። ሽፍታው እየተመላለሰ 6 ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ሲጠፋ የበለዘ ምልክት ከተወ፣ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሂዱ።