ቶን ሲመረመር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቶን ማለት ዘና ያለን ክንድ ወይም እግር ሌላ ሰው ሲያጥፈውና ሲዘረጋው የሚሰማው መቋቋም ነው። ይህን ሲመረምር «ዘና ይበሉ! ዘና ይበሉ!» እያለ ታካሚ ላይ የሚጮህ ተማሪ የሌለበት ዋርድ የለም። ታካሚውም ሊተባበሩ ብለው ክንዳቸውን ራሳቸው ያነሱለታል፤ እሱም የሚቋቋመው ነገር ስላላገኘ «ቶን ቀንሷል» ብሎ ይጽፋል። «አባባ፣ የክንድዎን ክብደት ለኔ ይተዉልኝ» ማለት ይበቃል። ስለ ልጆቻቸው እየጠየቁ ማዘናጋት ደግሞ የበለጠ ይሠራል።

ትልቁ ጥፋት ግን ፍጥነት ላይ ነው። ክንድን አንዴ አጥፎ አንዴ ዘርግቶ «ስፓስቲክ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። ስፓስቲሲቲ ማለት ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር መቋቋም ነው። ጡንቻ ውስጥ ያለው ስፒንድል የሚባለው የመለጠጥ መለኪያ መለጠጡን ብቻ ሳይሆን የመለጠጡን ፍጥነትም ለህብለሰረሰር ይናገራል፤ መልእክቱ በቀጥታ ጡንቻውን የሚያዘውን ሞተር ነርቭ ይነካና ያው የተለጠጠው ጡንቻ ይኮማተራል። ከአንጎል የሚወርዱት መስመሮች ሲጎዱ ይህን ምላሽ የሚገታ ይጠፋል። ቀስ ብሎ ለሚዘረጋ እጅ ግን ምላሹ ላይቀሰቀስ ይችላል።

ስለዚህ ታካሚው በጀርባቸው ይተኙ፤ ጭንቅላታቸው መሀል ላይ ይሁን፤ ወደ ጎን ከዞረ ቶኑ ሊለወጥ ይችላል። አንዱ እጅዎ ከክርናቸው በላይ፣ ሌላው የእጃቸው አንጓ ላይ። መጀመሪያ በጣም በዝግታ ዘርግተው ክርኑ የት ድረስ እንደሚሄድ ይወቁ። ከዚያ ያንኑ ርቀት በ1 ሰከንድ ያህል ይዘርጉ። መሀል ላይ ድንገት ያዝ ካደረገ ማዕዘኑን ይመዝግቡ። አስሬ አይደጋግሙት፤ በተለጠጠ ቁጥር መቋቋሙ እየቀነሰ ይሄድና የመጨረሻው ውጤት ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።

በዝግታም በፍጥነትም፣ ሲታጠፍም ሲዘረጋም መቋቋሙ ያው ከሆነ ሪጂዲቲ ነው፤ ፓርኪንሰንን ያስቡ። ታካሚው ሌላኛውን እጃቸውን ጨበጥ ከፈት ሲያደርጉ እርስዎ የያዙት ክንድ ይበልጥ ከገተረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በዝግታም ተዘርግቶ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጡንቻው ራሱ አጥሯል፤ ኮንትራክቸር ነው። ስፓስቲሲቲን ለማላላት በመርፌ የሚሰጠው ቦቱሊነም ቶክሲን ጡንቻን እንዲኮማተር የሚያዘው ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን፣ ከነርቭ ጫፍ እንዳይለቀቅ ይከለክላል እንጂ ያጠረ ጡንቻ አያስረዝምም። የመቋቋሙን ደረጃ በሚሰጠው በአሽዎርዝ ሚዛን ከ0 እስከ 4 ያለ ቁጥር ጽፎ ማለፍ ስፓስቲሲቲንና ኮንትራክቸርን አይለይም፤ መርፌው ተወግቶ ለውጥ ሲጠፋ መድኃኒቱን መውቀስ ነው የሚተርፈው።

የገተረ ክንድ ጠንካራ ክንድ አይደለም። ከስትሮክ በኋላ ቶኑ ከፍ ብሎ ጡንቻው ብርጭቆ ማንሳት ላይችል ይችላል።

ስትሮኩ በጀመረ ሰሞን ክንዱ ልል ስለሆነ ብቻ የዳር ነርቭ (ከአንጎልና ከህብለሰረሰር ውጭ ያለ ነርቭ) ጉዳት ነው ብለው አይደምድሙ። መገተሩ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

«ያረፈ ጡንቻ ሁልጊዜ በትንሹ ይኮማተራል» የሚለውም አላልቅ ያለ ነገር ነው። በደንብ ዘና ያለ ጤነኛ ጡንቻ በኢኤምጂ (የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ምርመራ) ሲታይ በአብዛኛው ጸጥ ያለ ነው፤ እጅ የሚሰማው መቋቋም የጡንቻውና የዙሪያው ሕብረ ሕዋስ የመለጠጥ ባሕርይ ነው።

ጡንቻ ሲኮማተርም በውስጡ ያሉት የፕሮቲን ክሮች፣ አክቲንና ማዮሲን፣ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። መሳቢያ ሲዘጋ መሳቢያውም ጠረጴዛውም አያጥርም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1954 በሁለት ቡድኖች ጽሑፍ ወጥቶ ሳለ ዛሬም ፈተና ላይ ክሮቹን አሳጥሮ የሚስል አለ። የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ የሆነው ኤቲፒም ክሮቹን ለመሳብ ብቻ አይደለም፦ ማዮሲን ከአክቲን የሚላቀቀው አዲስ ኤቲፒ ሲይዝ ነው፣ ካልሲየምን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕም ኤቲፒ ይፈልጋል። ሬሳ የሚደርቀው ኤቲፒው ስላለቀ ነው።

መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) የጡንቻ በሽታ አድርጎ ማየትም አለ። የባክቴሪያው መርዝ የሚያፍነው በህብለሰረሰር ውስጥ ሞተር ነርቮችን የሚገቱትን ነርቮች ነው። ለዚህ ነው የበር ድምፅ ወይም ቀላል ንክኪ መላ ሰውነትን የሚያስገትረው፤ ክፍሉ ጸጥ ይበል።

ስፓስቲሲቲን የሚያላላውን መድኃኒት ባክሎፌንን «አሁንስ ተሻላቸው» ብሎ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የሚጥል ሕመም፣ ቅዠት፣ ከበፊቱ የባሰ መገተር ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይቀንሰው። ሲጀመርም መጠኑ በአንዴ ከፍ ካለ በግትር እግራቸው ተደግፈው ይቆሙ የነበሩ ሰው ሊወድቁ ይችላሉ፤ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር አልጋ ላይ ብቻ ሳይሆን አስነስተው አቋቋማቸውንና አረማመዳቸውን ይዩ።