«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ የንግድ ሕንፃ ኤሲ በየጊዜው እንዴት እንደሚታይ

ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ጋዝ አልቋል» ነው። ሲሊንደር ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይከፈላል፤ ከሁለት ወር በኋላ ያው ኤሲ እንደገና ሙቅ አየር ይነፋል። ጋዙ ግን እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኮምፕረሰር በሚባለው ፓምፕ እየተገፋ በመዳብ ቱቦው ውስጥ እየዞረ ሙቀት ከክፍሉ ወደ ውጪ ያመላልሳል። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ካልቀነሰ ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አቧራ፣ የታፈነ ውኃ ወይም የመብራት ችግር ነው፤ ሦስቱንም ቀድሞ መያዝ ይቻላል።

ከዚህ በታች ያለው በባንክ ቅርንጫፎች፣ በቢሮዎች፣ በሱቆችና በሆቴሎች በብዛት ለሚታዩት የግድግዳና የኮርኒስ (ካሴት) ስፕሊት ኤሲዎች (አንዱ ክፍላቸው ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጪ የሚሰቀል)፣ ማለትም የማቀዝቀዝ አቅማቸው ከ12,000 እስከ 24,000 ቢቲዩ ለሆኑት ነው። ፊልተርና ውኃ ማፍሰሻ የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ሳጥን መክፈትና ጋዝ መንካት ግን የሠለጠነ ቴክኒሺያን ይፈልጋል።

መቼ ይታያል?

ፊልተር በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በወር አንዴ ይታያል። ፊት ለፊት ግንባታ ወይም የአፈር መንገድ ካለ በየሳምንቱ ቢሆንም አይበዛም። ውኃ ማፍሰሻውና ውጪ የተሰቀለው የኤሲው ክፍል በየሦስት ወሩ ይበቃቸዋል። ሙሉው ምርመራ በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ይደረጋል፦ አዲስ አበባ ላይ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ፣ ድሬዳዋና አዳማ ላይ ከመጋቢት በፊት። ቀንና ሌሊት የሚሠራ የሰርቨር ክፍል ኤሲ በዓመት ሁለቴ ይታያል። ሁለት ኤሲ ካለ ደግሞ በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ ዓመቱን ሙሉ በተጠባባቂነት የቆመ ኤሲ በሚፈለግበት ቀን አልነሳም ማለቱ የተለመደ ነው።

መብራቱን መቁረጥ

በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ብሬከሩን ያውርዱ፤ በላዩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው፤ አታብሩ» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ከተቻለም ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ኢንቨርተር ኤሲ (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቀያይር) ከሆነ መብራቱ ከተቆረጠ በኋላም በቦርዱ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊሆን የሚችል ዲሲ ስለሚቆይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቀው፣ በቴስተር አረጋግጠው ብቻ እጅ ያስገቡ።

ፊልተር

ፊልተሩን አውጥተው መጀመሪያ በብሩሽ ወይም በቫኩም አቧራውን ያራግፉ፤ ደረቁን አቧራ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ጭቃ ሆኖ በወንፊቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ለብ ባለ፣ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያጠቡት። በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፕላስቲኩ ይጣመምና በቦታው በደንብ ስለማይገጥም አቧራው በጎን ሾልኮ ያልፋል። እርጥብ ፊልተር መልሶ መግጠምም የሻጋታ ሽታ ይጋብዛል።

ይህ ትንሽ ሥራ አዲስ አበባ ላይ የበለጠ ክብደት አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይቀልላል። ፋኑ ያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ ፊልተሩ ሲደፈን ኮይሉ (ጋዙ የሚዞርበት ባለ ቅጠል ቱቦ) በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ጤዛው ወደ በረዶ ይለወጣል። በረዶ የያዘ ኤሲ ሲያዩ ወደ ጋዝ ሲሊንደር አይሩጡ። ማቀዝቀዙን አጥፍተው በፋን ብቻ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያስነፍሱት፣ ፊልተሩን ያጽዱ፣ እንደገና ያስነሡ። በረዶውን በካቻቢቴ መፈቅፈቅ ኮይሉን ይበሳል፤ ያን ጊዜ ጋዙ በእውነት ያልቃል።

ኮይል፣ ብሎወርና ውኃ ማፍሰሻ

ከፊልተሩ ጀርባ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉ። ባትሪ አብርተው በጎን ይዩ፤ ግራጫ ሽፋን ካለባቸው ለኮይል ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ረጭተው፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቀው፣ በእጅ ፓምፕ ቀስ ብለው ያጠቡ። ከሥር የኤሲ ማጠቢያ ላስቲክ ይወጠር፤ ሞተሩና ቦርዱ በፕላስቲክ ይሸፈኑ። በረኪና ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ አሉሚኒየሙን ይበላል። ሲሊንደር የሚመስለው፣ አየሩን ወደ ክፍሉ የሚነፋው ብሎወርም መታየት አለበት፤ ቅጠሎቹ መካከል ጥቁር ቆሻሻ ሲጋገር ፋኑ እየጮኸ ይዞራል፣ ነፋሱ ግን ደካማ ነው።

ውኃ የሚያንጠባጥብ ኤሲ በደንበኞች አዳራሽ ውስጥ ከማንም ቀድሞ አቤቱታ ያመጣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በማጠራቀሚያ ሳህኑና በቱቦው ውስጥ የበቀለ አተላ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሳህኑ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱና ውጪ የሚቆም ሰው የቱቦውን ጫፍ ይመልከት። ውኃው ወዲያው፣ ሳይቆራረጥ ከወጣ ደህና ነው። ከዘገየ ከውጪ በኩል በቫኩም ይሳቡት፤ ከውስጥ በአየር መንፊያ ኮምፕረሰር መንፋት የቱቦውን መጋጠሚያ ኮርኒስ ውስጥ ሊያላቅቀው ይችላል። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል መውረድ አለበት፤ መሐል ላይ ከረገበ እዚያው ውኃ ይተኛል። ካሴት ኤሲ ላይ ውኃው ሲጨመር ተንሳፋፊው ተነሥቶ ትንሿ ፓምፕ ስትሠራ መስማት አለብዎት፤ ለዚህ ሙከራ መብራቱ ይመለሳል፣ እጅ ግን ከውስጥ ይወጣል።

የውጪው ክፍል

የውጪው ኮይል አቧራውን የሚስበው ከውጪ ወደ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚታጠበው በተቃራኒው፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ቅጠሎቹን አስተኝቶ አየር ይዘጋል፤ የጓሮ ጎማ ግፊት ይበቃል። የተኙትን በኮይል ማበጠሪያ ያቅኑ። የፋኑን ብሎኖችና የግድግዳውን ብረት ድጋፍ ያጥብቁ። በክረምት ለወራት ሳይነሳ የቆየ ኤሲ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርቶ ሽቦ መብላቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ቴርሞ ሜትር ይያዙ። ወደ ኮይሉ የሚገባውን አየርና ከዚያ ራቅ ያለውን የጥላ አየር ይለኩ። የመጀመሪያው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በላይ ከበለጠ ኤሲው የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ጀርባ ወይም በጠባብ የብርሃን ጉድጓድ ውስጥ የተደራረቡ ኤሲዎች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ማጠብ አይፈውሰውም፤ ሰሌዳው መከፈት ወይም ኤሲው መዛወር አለበት።

ኤሌክትሪኩ

ብሬከሩ እንደወረደ የሽቦ ጫፎቹን ይዩ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ልባስ የላላ ብሎን ምልክት ነው። የኮንታክተሩ (ኮምፕረሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ነጥቦች ከተቦረቦሩ በአሸዋ ወረቀት አይፈገፈጉ፤ ኮንታክተሩ ይለወጥ። መካከላቸው የገባ ጉንዳንም ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ ያደርጋል።

ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ ላይ በጣም የሚሸወዱበት ዕቃ ኮምፕረሰሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ነው። በውስጡ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር አውጥተው፣ ሽቦዎቹን ነቅለው በሜትር ይለኩት። በላዩ 35 ማይክሮፋራድ፣ ሲደመር ሲቀነስ 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ ከ33.25 በታች ሲያነቡ ይቀየር። አናቱ ያበጠውን ማንም ያውቀዋል፤ ተንኮለኛው ሳያብጥ የደከመው ነው። 29 ላይ የወረደ ካፓሲተር ኮምፕረሰሩን እያጓራ ለሴኮንዶች ያስጨንቀዋል፣ የሙቀት መከላከያው ያጠፋዋል፣ ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። ይህ ለሳምንታት ከቀጠለ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ የኤሲውን ውድ ክፍል ይዞት ይሄዳል።

ቮልቴጅ ቆሞም ሆነ እየሠራ ይለካል። በ220 ቮልት መስመር 10 በመቶ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ማለትም ከ198 እስከ 242 ይታገሣል። ቆሞ 221 የነበረው ኤሲው ሲነሳ 195 ላይ ከወረደና እዚያው ከቆየ ኬብሉ ቀጭን ነው ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ደግሞ ኮምፕረሰሩ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሳይስተካከል ለመነሳት ይታገላል፤ የ3 ደቂቃ ማዘግያ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ይህን ይከለክላል።

በባለ ሦስት ፌዝ ትልልቅ ኤሲዎች ላይ ብዙ ሕንፃ የሚዘነጋው ነገር አለ። የጄኔሬተሩ ፌዝ ቅደም ተከተል ከመብራት ኃይሉ ከተለየ ስክሮል የሚባለው ዓይነት ኮምፕረሰር ወደ ኋላ ይዞራል፦ ይጮኻል፣ አምፔሩ ዝቅ ይላል፣ ምንም አያቀዘቅዝም። ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ «ጋዝ የሚያልቅበት» ኤሲ ካለዎት የፌዝ ቅደም ተከተሉን ያስለኩ፤ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይም ያስገጥሙ።

ልኬት

ሁሉም ከታጠበና ከተገጠመ በኋላ በ18 ዲግሪ፣ በከፍተኛ ፋን ለ15 ደቂቃ ያስነሡት። ወደ ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ይለኩ፤ ልዩነቱ በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው፣ ደጋ ላይ ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። በክላምፕ ሜትር አምፔሩን ወስደው በኤሲው ላይ ከተለጠፈው የስም ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። የአየሩ ልዩነት አንሶ አምፔሩም ካነሰ ጋዝ ማነስ ወይም የደከመ ኮምፕረሰር ነው። ልዩነቱ አንሶ አምፔሩ ከበዛ የውጪው ኮይል ወይም ፋን ይጠረጠራል። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ነፋሱ ከደከመ ወደ ፊልተርና ብሎወር ይመለሱ። ኢንቨርተር ኤሲ አምፔሩን ራሱ ስለሚቀያይር በሙከራ ሁኔታ ላይ ተደርጎ ካልተለካ ቁጥሩ ያሳስታል።

ማሞቂያም ያለው ኤሲ ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሳይመጣ በጥቅምት ይሞከር። ሌሊት ላይ የውጪው ኮይል አመዳይ ይዞ፣ ኤሲው ለጥቂት ደቂቃ ሙቀት ማቆሙና ከውጪው ክፍል እንፋሎት መነሳቱ ብልሽት አይደለም፤ አመዳዩን እያቀለጠ ነው።

ጋዝ በእውነት ከጎደለ

መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ። የመዳብ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ዘይት ያዘለ አቧራ ካለ እዚያ የሳሙና አረፋ ይቀባ። የግፊት ሙከራው በደረቅ ናይትሮጅን ይደረግ፤ ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ከጥገና በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫኩም ፓምፕ ይወጣል፣ በማይክሮን ጌጅ (ትክክለኛ የቫኩም መለኪያ) 500 ማይክሮን ድረስ። እዚህ ላይ ደጋውን አይርሱ፦ በባሕር ጠለል 30 ኢንች ሜርኩሪ ግድም የሚያሳየው ተራ ጌጅ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ቫኩም ላይ እንኳ 23 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ መጣልም፣ ጌጁ ቆመ ብሎ ቶሎ ማቋረጥም ስሕተት ነው።

ጋዙ በሚዛን ተለክቶ፣ በስም ሰሌዳው በተጻፈው ግራም ይሞላል። አር410ኤ የሚባለው ጋዝ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ስለሆነ በፈሳሽነቱ ይወሰዳል። አር32 የሚባለው ጋዝ ሊቀጣጠል ስለሚችል አጠገቡ ሲጋራም ሆነ እሳት አይኑር። አር22 የሚባለውን የድሮ ጋዝ የሚጠቀሙ አሮጌ ኤሲዎች ካሉ የመተኪያ በጀት አሁን ይያዝላቸው፤ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በወጣው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች የዚህ ዓይነት ጋዞች አቅርቦት ከ2025 ጀምሮ በ67.5 በመቶ እንዲቀንስ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከሚፈቀድ ጥቂት መጠን በስተቀር እንዲቆም ተወስኗል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

መዝገብ

ለእያንዳንዱ ኤሲ ቁጥር ይስጡና በብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። አንድ መስመር ይበቃል፦ «የካቲት 5፣ 2ኛ ፎቅ ቁጥር 4፣ 217 ቮልት፣ 10.4 አምፔር፣ መግቢያ 26፣ መውጫ 15፣ ካፓሲተር 34.6»። በግንቦት ያው ኤሲ 11.9 አምፔር፣ መውጫ 18 ካለ፣ «ጋዝ አልቋል» ለሚል ሰው ሲሊንደሩን ከማውረዱ በፊት ወረቀቱን ያሳዩት፤ አምፔር ከጨመረ መጀመሪያ የሚወጣው የውኃ ጎማው ነው።